ከድልድዩ ማዶ ያለ መርፌ

ኅዳር 30 ቀን 2008፣ ሐሙስ

በአድማው የተነሳ ዛሬም ቡራዩ ሱቅ አልተከፈተም። ባሌ ዲኖ የሱቁን በር ግማሽ ከፍቶ ግማሽ ዘግቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዋለ። ለምን ከፈትክ የሚሉት ሲመጡ ዘግቻለሁ ሊል፣ ለምን ዘጋህ የሚሉት ሲመጡ ከፍቻለሁ ሊል ነው። ጤና ጣቢያ ግን ግማሽ አይዘጋም፤ ገባሁ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ጎረምሳ በባጃጅ አመጡ፤ ከገፈርሳ ወዲያ ካለ ገጠር። ሁለት ሰዎች እጁን ይዘውታል፣ ወንድሙ ተሾመ ከኋላ ወገቡን አቅፎታል። ዓይኑ ፈጧል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆኖ ነው ስል ተሾመ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሲስተር፣ ማክሰኞ ሰልፉ ላይ ነበር። ጭስ በልቷል። ስሙን እንዳትጽፊው፣ ማሎ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ። እየፈለጉት ነው።"

እኔም ጭስ ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲመጣልን የከረመው አስለቃሽ ጭስ የመታው ሰው ነዋ፤ ዓይኑ የቀላ፣ ጉሮሮው የተዘጋ። ውኃ በጣሳ ስሰጠው ጮኸ። ጮኸ ብዬ ልለፈው። ጉሮሮውን ልይ ብዬ አፉን ስከፍት አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ጓንት አላደረግሁም፤ ያለችን አንድ ካርቶን ለማዋለጃ ክፍል ተብላ ተቆልፋለች፣ ቁልፉ አለቃችን ጥሩሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥሩሰው ስብሰባ ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ተረፈች መወልወያዋን ጥላ እግሩን ስትይዝልኝ ፊቷ ላይ ተፋባት። ዓይኗ ውስጥ ገባ። በሻሿ ጠረገችና በኦሮምኛ "ወንድሜ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም" አለችው። ተጨንቀን የነበርነው ሁሉ ሳቅን።

ማስታገሻ ወጋሁት። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት ብላቸው፣ ፍተሻውን በምን እንለፍ አሉኝ። መዝገቡ ላይ "ሀብተወልድ፣ 24፣ ጨጓራ" ብዬ ጻፍኩ። ሀብተወልድ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ሌላ ስም አልመጣልኝም። ልጁን ይዘውት ተመለሱ።

አውራ ጣቴ ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። በአልኮል ጠረግሁት።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ጥሩሰው ሰበሰበን። በዕድሜ ስድስት ዓመት አንሶኝ በድምፅ አሥር ዓመት ይበልጠኛል። "ከሰልፉ ጋር የተያያዘ ታካሚ ሳይመዘገብ ቢገኝ ተጠያቂው ያከመው ባለሙያ ነው። መዝገብ ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ አላወቅሁም ነበር የሚል እንዳይኖር።"

ሌላ ወረዳ አንድ ነርስ ከተወሰደ አራተኛ ቀኑ ነው ይላሉ።

ሀብተወልድ። ጨጓራ። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ተሾመ ዛሬ ሱቅ ድረስ መጣ። ዲኖ ጠራኝ። የስኳር ኬሻ ላይ አስቀመጥነው፤ ወንድሙ ትናንት ማለዳ አርፏል። ዳና ነው ለካ ስሙ። ነፍስ ይማር አልኩት። ሲያለቅስ ቆየና በመሐል "ምነው ወንዙን ባይሻገር ኖሮ" አለ።

የምን ወንዝ አልኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያበደ ውሻ ባቱን ነክሶት ነበር። ባለመድኃኒት ዘንድ ወሰዱት፣ የሚጠጣ ቅጠል ሰጡት፣ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር አሉት። ሠላሳ ስምንት ቀን ቤቱ ተቀመጠ። ማክሰኞ ዕለት ጓደኞቹ ለሰልፍ ሲጠሩት ተሻገረ፤ ሰልፉ ከወንዙ ማዶ ነበር። ረቡዕ ታመመ። "ሁለት ቀን ነበር የቀረው፣ ሲስተር። ሁለት ቀን" አለኝ ተሾመ ጣቶቹን እያሳየኝ። መንግሥትን አልወቀሰም፣ ውሻውንም አልወቀሰም። ወንዙን ነው የወቀሰው።

እኔ ጣሳዋን ነው ያሰብኩት። ውኃ ሲያይ የጮኸውን ጩኸት። ኮሌጅ ሳለን አንድ ሙሉ ገጽ ተምረነዋል፣ ውኃ የሚያስፈራው በሽተኛ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብለው። ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ። ፈተና ላይ ጭስ አልነበረማ!

ተሾመ ሲሄድ እጄን ይዞ ለመነኝ። "እዚያ መታከሙን ለማንም እንዳትናገሪ። እኔንም ሰልፉ ላይ አይተውኛል። እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም።" አልናገርም አልኩት። ቃል ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

የመጀመሪያው መርፌ። ሥራ ከመግባቴ በፊት በማለዳ ታክሲ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ዊንጌት፣ ከዚያ የውሻ በሽታ መርፌ የሚሰጥበት ፓስተር። ውሻ ነከሰኝ አልኩ። መርፌ የሚወጉት መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አውራ ጣቴን ገለባብጠው አዩት።

"ውሻው ትንሽ ነው" አሉኝ።

"ቡችላ ነው።"

"የት አለ?"

"ጠፋ።"

ጻፉት። በየቀኑ አንድ፣ አሥራ አራት ቀን፣ ሆድ ላይ። "ቀን መዝለል የለም። ነርስ ነሽ መሰለኝ፣ አልነግርሽም" አሉ። ከቆዳዬ ሥር በርበሬ የበተኑብኝ ያህል ነው የሚያቃጥለው።

ለዲኖም ቡችላ አልኩት። የማን ቡችላ ነው፣ ባለቤቱን እከሳለሁ ብሎ ተነሳ። ባለቤት የለውም አልኩት። ልጄን አሪጅን አልሳምኳትም። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት፤ የአራት ዓመት ልጅ ጉንፋን ያምናል።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ሦስተኛው።

ከተረፈች ጋር የማዋለጃ ክፍሉን አንሶላ በበረኪና አጠብን። እጇ በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ደህና ነው። ቀልቶ እንደሆነ አየሁ፣ አልቀላም። አውቃለሁ፣ አለመቅላቱ ምንም ማለት አይደለም።

የኮሌጅ መጽሐፌን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ያልተለመደ ነው ይላል። እጅግ ያልተለመደ። በጤና ባለሙያ ላይ ሊደርስ ይችላል እንጂ በተግባር ያየ ብዙ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ተረፈችን ያለ ነገር ማስደንገጥ አያስፈልግም። እኔ ተነክሻለሁ፣ የእኔ ሌላ ነው። ደግሞ ለእሷ ብናገር የት ታየ፣ ማን አከመው፣ ስሙ ማነው ይመጣል። ተሾመ አለ። እናቱ አሉ። እኔ ለራሴ አይደለም ዝም ያልኩት።

ነገ መጽሐፉን ደግሜ አነባለሁ።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

አምስተኛ። መንገዱ ላይ ጎማ ነዷል። ከአሸዋ ሜዳ በእግር። ሆዴ በሁለቱም በኩል አብጧል፤ ቀበቶ አልችልም።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። አልሄድኩም አይባልም፣ አላሳለፉኝም። ከማለዳው ጀምሮ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም። በእግሬ ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። ወታደሮች ቆመዋል። "ነርስ ነኝ" አልኩ፣ መቼም ነርስ ያሳልፋሉ ብዬ።

"ነርስ ከሆንሽ ሥራሽ ወዲህ ነው፣ ተመለሺ" አለኝ አንዱ። የእኔን ታናሽ ወንድም ያህላል።

የክትባት ካርዴን ላወጣ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ሌላኛው መሣሪያውን አነሳ። እጄን መለስኩ። ተመለስኩ። ከኋላዬ ወደ ሆለታ የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው፣ ከፊቴ አዲስ አበባ ዝግ ነው። ቤት ገብቼ የልብስ ማጠቢያ ውኃ በባሊ ቀዳሁና ትኩር ብዬ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ጠጣሁ፣ ከዚያው ከባሊው፣ በእጄ እየዘገንኩ። ዲኖ በር ላይ ቆሞ አየኝ። "ራቢአ፣ ብርጭቆ ጠፋ?" አለ።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቼ በእግር ተሻገርኩ። ስድስተኛ። እሑድም ተረኛ አለ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ። ትናንትስ አሉኝ። መንገድ አልኩ። "በሽታው መንገድ ሲከፈት አይጠብቅም" አሉ። ይህን ሲሉኝ ስለ ራሴ አልነበረም ያሰብኩት።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጃኬት የለበሰ፣ አንደኛው ምንም የማይናገር። ጥሩሰው መዝገቡን ራሱ ተሸክሞ አመጣላቸው። ባለጃኬቱ ጣቱን እያስኬደ ኅዳር ሠላሳ ላይ ደረሰ። እኔ የትኩሳት መለኪያ እያራገፍኩ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንዳራገፍኩት አላውቅም።

"እዚህ ቀበሌ ጨጓራ በዝቷል" አለ።

"ዘመኑ ያሳርራላ፣ ጌታዬ" አለች ተረፈች ከኋላቸው እየወለወለች። "እግርዎን አንሱልኝማ።"

ሳቀ። እግሩን አነሳ። ገጹን ገለጠ።

ሲወጡ ተረፈችን ዕቃ ቤት አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና መጥረጊያዋን አንቀሳቀሰች። ሀብተወልድ የሚባል ሰው እንዳልነበረ ታውቃለች። ጨጓራ እንዳልሆነም ታውቃለች። ጭስ ነው ብላ ታምናለች። ራሷን ልታድን ሳይሆን፣ እኔን ልታድነኝ ነው አፏን የከፈተችው።

"ተረፈች" አልኳት።

"አቤት ሲስተር።"

"እጅሽን ቅባት ቀቢው። ተሰነጣጥቋል።"

ይሄን ነው ያልኩት። ቅባት ቀቢው።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

መውሊድ ነው። አሥረኛው መርፌ። ዛሬ የሆነውን ጽፌ ካልጨረስኩ አልተኛም።

ዲኖ በግ አልቻለም፤ ዶሮ አርደን ጎረቤት ጠራን። ተረፈች እንኳን አደረሳችሁ ልትል ከሰዓት መጣች። ታጥባ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ለአሪጅ አምስት እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ። ከቀበሌ መንደር እዚህ ድረስ፣ ባጃጅ በሌለበት፣ አንድ እንቁላል ሳይሰበር። አሪጅ ትወዳታለች፤ ሮጣ ጭኗ ላይ ወጣች። ተረፈች ጉንጯን ልትስማት ጎንበስ ስትል "አሪጅ! ውረጂ! ነይ ወዲህ!" ብዬ ጮኽኩ። ልጅቷን በክንዷ ጎትቼ ነው ያወረድኳት። አለቀሰች።

ተረፈች ነጠላዋን ሰበሰበች። "ልክ ነሽ ሲስተር፣ ከሥራ እንደወጣሁ ነው የመጣሁት፣ ታጥቤ ነበር ግን" አለች። ዲኖ ከሱቅ ያመጣውን ለስላሳ ከፈተላት፤ ግማሹን ጠጥታ ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው ብላ ተነሳች። ብርጭቆዋን ለብቻ አስቀመጥኩት። ዲኖ አየኝ። ባሌ ብዙ ነገር አያይም፣ ይሄን ግን አየ።

"ሰው ነው ያዋረድሽው" አለኝ ሲሄዱ። "ሃይማኖቷ ነው? ድህነቷ ነው? አንቺ እንዲህ አልነበርሽም።"

ምን ልበለው? መጽሐፉ እጅግ ያልተለመደ ነው ይላል ልበለው? ለእሷ ያልተለመደ ከሆነ ልጄን ለምን ጎተትኩ? አፈርኩ። በራሴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ነገ እነግራታለሁ። ነገ ጠዋት፣ ከፓስተር ስመለስ፣ በመጀመሪያ እሷን።

ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ

አልነገርኳትም። የሥራ ሰዓት ደርሶብኝ ነበር፤ እሷም አልነበረችም።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

ተረፈች ዛሬም የለችም። ጥሩሰው የግል ጉዳይ አለብኝ ብላለች አለ፣ ደመወዟን እቆርጣለሁ አለ። ካርድ ክፍል የሚሠራው ኢብሮ ጎረቤቷ ነው፤ ባለመድኃኒት ዘንድ ሄዳለች አለኝ። የምን ባለመድኃኒት ስለው "የውሻ" አለኝ። "ውሻ ግን ሲነክሳት አላየንም።"

አሥራ ሁለተኛ። እኔ ግን ሁሉንም እየተወጋሁ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ከፓስተር እንደተመለስኩ ልብሴን ሳልቀይር ቤቷ ሄድኩ። አንዲት ክፍል ናት። ልጆቿን እህቷ ዘንድ ልካቸዋለች። ፍራሽ ላይ ራሷን አስራ ተቀምጣለች።

"እጅ አልሰጥሽም ሲስተር። ሰባት ቀን ከሰው አልነካካም።"

"ማን ነገረሽ?"

"ያ ልጅ፣ ዳና፣ አክስቱ ሐሙስ ማታ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ውሻ ነው የገደለው አለችኝ። ምራቁ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የለ? በማግስቱ ሮጬ ሄጄ መድኃኒቴን ጠጣሁ። አሁን አርባ ቀን ወንዝ አለመሻገር ብቻ ነው።"

"ተረፈች፣ መርፌ አለ። ከተማ ነው። ነገ ይዤሽ ልሂድ።"

"ድልድዩን ተሻግሬ?"

"አዎ።"

"ዳናን የገደለው ምን ሆነና?"

ውሻው ነው አልኳት፣ ወንዝ ሰው አይገድልም አልኳት፣ ቅጠሉ ምንም አያደርግም አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ሕፃን የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ሲስተር፣ እኔኮ የተረጋጋሁት አንቺን አይቼ ነው። እኔን ተፋብኝ፣ አንቺን ነክሶሻል። ነርስ ነሽ። መርፌ የሚያስፈልገው ቢሆን አንቺ ዝም ብለሽ ሥራ ትገቢ ነበር? የዚያን ሰሞን ትነግሪኝ ነበር። አንቺ ካልፈራሽ ለእኔ ቅጠሉ ይበቃኛል።"

ሽሙጥ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ሽሙጥ አይደለም። አምናኛለች።

በሩን ዘጋሁት። ቀሚሴን ከፍ አድርጌ ሆዴን አሳየኋት።

"ያ ዋቃ! ማን ነው የደበደበሽ?" አለች። በዚህ ሰሞን ሰው የሚያስበው እሱን ነው።

"መርፌ ነው። በየቀኑ አንድ።"

ጠጋ አለች። ሳትነካኝ በጣቷ እያመለከተች በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረች፤ ከግራ በኩል ጀምራ፣ የበለዘውንም ያበጠውንም፣ የዛሬውን ጥጥ ያለበትንም። ኩዳ ሰዲ ላይ ቆመች። አሥራ ሦስት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከታኅሣሥ አራት።"

"ረቡዕ ዕለት አንሶላ አብረን ስናጥብ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"ሰዎቹ መዝገብ ሊያዩ ሲመጡም።"

"አዎ።"

"ልጅሽን ከጭኔ ላይ ያወረድሻት ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"እኔ እኮ" አለችና ቆመች። "እኔ እኮ ሽታዬ ይሆን ብዬ ልብሴን ሁለቴ አጠብኩት። ልጆቼ ግን ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲበሉ ነበር። እነሱን ከጭኔ የሚያወርድልኝ ሰው አልነበረም።"

ለተሾመ ቃል ገብቼ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለተሾመ አይደለም። ታስሬ እንዳልወሰድ ነው። ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ታክሲው ከድልድዩ በፊት አወረደን፤ ፍተሻ ነበር። ዛሬ መታወቂያ ብቻ ነው ያዩት። ድልድዩ ላይ ተረፈች ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለየች ይሁን እየረገመችኝ አላውቅም። እጄን ዘረጋሁላት፣ አልያዘችውም። ብቻዋን ተሻገረች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። "አንቺን ደግሞ ምን ነካሽ?"

ተረፈች አላየችኝም። "ውሻ" አለች።

"መቼ?"

"ኅዳር ሠላሳ።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አሥራ ስምንት ቀን! እስከዛሬ የት ነበርሽ?"

በሩ ተከፍቶላት ነበር። እውነቱን ብትናገር ማንም አይፈርድባትም፤ እኔም አልፈርድባትም ነበር። "ወንዝ እንዳትሻገሪ ተብዬ ነው" አለች። ሽማግሌው ስለ ባላገር አላዋቂነት፣ ስለ ቅጠል፣ በገዛ እጁ ስለሚሞት ሕዝብ ብዙ ተናገሩ። አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ነርሷ፣ አሥራ አራተኛውን ልወጋ ካርዴን ይዤ። አንድ ቃል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዘግይታም ቢሆን ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "እሱን ወራት ናቸው የሚነግሩን" አሉኝ።

ስንወጣ ሆዷን በነጠላዋ ይዛ ትራመድ ነበር። አላህ ይስጥልኝ፣ አወጣሽኝ አልኳት።

"ለአንቺ ብዬ አይደለም" አለች። "የዳና እናት አንድ ልጅ ነው የቀራት። እዚህ የዳናን ስም ብጠራ እሱንም ይወስዱባታል።" ጥቂት ሄደችና "ራቢአ" አለችኝ። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ ከሲስተር ሌላ ጠርታኝ አታውቅም። የምትቀጥለው መስሎኝ ጠበቅሁ። ስሜን ብቻ ነበር ልትጠራ የፈለገችው።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት። ቡራዩ ስንወርድ ነገም አብሬሽ ልምጣ፣ አሥራ ሦስት ቀን ይቀርሻል አልኳት።

"ያንቺ አልቋል" አለች። "መንገዱን አይቼዋለሁ።"